ድመቷን ከማባረራችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት በዓል ዕለት፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቤቱ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ፣ በጓሮው በግ የሚረባበት፣ ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅ አንዲት ግራጫ ድመት የነበረችበት ቤት ነው። የዚያን ቀን ድመቷ አልነበረችም። የባሏ እህት «የድመት በሽታ ጽንስ ያበላሻል» የሚል ነገር ስልኳ ላይ አንብባ ስትነግራቸው፣ ድመቷን በጆንያ ከተው ገበያ ዳር ጥለዋት ተመልሰዋል። «ለልጄ ስል ነው፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ እንባዋ እየተናነቃት። ይህን ስትነግረኝ እጇ ሥራ አልፈታም ነበር። ጠዋት የታረደውን የበግ ጨጓራና ጉበት ለዱለት በባዶ እጇ እየከተፈች፣ ጨው መብቃቱን ለማወቅ ከጥሬው ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ከዚያም ቢላዋውን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለሰላጣ የሚሆን ቃሪያና ቲማቲም መክተፍ ጀመረች።

በእንስሳት ሕክምና ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ያን ማየት ያስደነግጣል። ለእሷና ለጽንሷ የሚያሰጋው ነገር ከድመቷ ይልቅ ሰሌዳው ላይ ነበር። ቡናው እስኪፈላ የነገርኳትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ፤ በግ የሚጠብቅ፣ በረት የሚጠርግ፣ ቄራ ውስጥ የሚሠራ፣ እንስሳ የሚያዋልድ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነውና።

ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ነው። በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ኒኮልና ልዊ ማንሶ የተባሉ ተመራማሪዎች ቱኒስ ውስጥ፣ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል የሰሜን አፍሪካ እንስሳ ላይ አገኙት። በዚያው ዓመት አልፎንሶ ስፕሌንዶሬ ብራዚል ውስጥ ጥንቸል ላይ አየው። «ቶክሶን» በግሪክኛ ደጋን ማለት ነው፤ ተውሳኩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ በመሆኑ ይህን ስም ሰጡት።

ወደ ሰው የሚመጣበትን መንገድ ለማወቅ ግን ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቷል። መጀመሪያ የተጠረጠረው በቅጡ ያልበሰለ ሥጋ ነበር፤ ጥርጣሬውም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ይሁንና ሥጋ ጨርሶ የማይቀምሱ ሰዎች ደምም የተውሳኩን ምልክት ይዞ ይገኝ ስለነበር፣ ሌላ መንገድ መኖር ነበረበት። በ1965 ዊልያም ሀቺሰን የተባለ የግላስጎው ተመራማሪ ተውሳኩ በድመት ዓይነ ምድር እንደሚተላለፍ አሳየ፤ በ1970 ደግሞ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ድመት በሌለባቸው ደሴቶች የሚኖሩ እንስሳትና ሰዎች ከተውሳኩ ነጻ ለመሆን የተቃረቡ ሆነው መገኘታቸውም ይህንኑ አጸና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተውሳኩ ተራብቶ እንቁላል የሚጥለው በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ አንበሳና ነብርም ከዘመዶቹ ይቆጠራሉ። ድመት ተውሳኩ ያለበትን አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ትያዛለች። ከዚያ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ከዓይነ ምድሯ ጋር በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ታወጣለች። ያ ጊዜ ሲያልፍ ሰውነቷ ተውሳኩን መቋቋም ስለሚጀምር፣ አብዛኞቹ ድመቶች ከዚያ በኋላ ማውጣታቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ በአንድ በተወሰነ ቀን ከሚታዩ ድመቶች ውስጥ እንቁላል የሚያወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም በብዛት ገና አደን የጀመሩ ግልገሎች ናቸው።

አሁን የወጣው እንቁላል ደግሞ ወዲያው ሰው አይዝም። እንዲበስል ከአንድ እስከ አምስት ቀን አየርና እርጥበት ይፈልጋል። ድመት ጠጉሯን እየላሰች ስለምታጸዳም ማሻሸትና ማቀፍ ይህን ያህል አያሰጋም። ከበሰለ በኋላ ግን እንቁላሉ እጅግ ጠንካራ ነው፦ በእርጥብና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ በረኪናም አይገድለውም። ዛሬ ከጓሮ ነቅላችሁ በቅጡ ሳታጥቡ በምትበሉት ካሮት ላይ ያለው እንቁላል፣ አምና የሞተች የጎረቤት ድመት የቀበረችው ሊሆን ይችላል። የጎረቤቴን ድመት ገበያ ዳር መጣል ለጓሮው አፈር ምንም የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ዶሮ፣ ውሻና ሰውም ይህን ተውሳክ ይይዛሉ። ነገር ግን በዓይነ ምድራቸው አያወጡትም። ተውሳኩ በጡንቻቸው፣ በልባቸውና በአንጎላቸው ውስጥ ጥቃቅን ከረጢት ሠርቶ ዕድሜ ልክ ይተኛል። ኩበት የምትጠፈጥፍ እናት ከላሙ እበት በኩል የምትፈራው የቶክሶፕላዝማ እንቁላል የለም። ሰው ከእንስሳ የሚወስደው በሦስት መንገድ ነው፦ ድመት ካበከለችው አፈር፣ አቧራ፣ ውሃና አትክልት፤ በቅጡ ካልበሰለ ሥጋና ካልተፈላ ወተት፤ እንዲሁም ከታመመ እንስሳ የእንግዴ ልጅና ከጨነገፈ ጽንስ።

አቧራ ስል ያጋነንኩ ከመሰላችሁ፣ በ1977 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የፈረስ መጋለቢያ የሚያዘወትሩ 37 ሰዎች በአንድ ሰሞን በዚህ በሽታ ታመሙ፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የአንገት ንፍፊት ይዟቸው ነበር። የበሉት አንድ ዓይነት ምግብ አልነበረም። መርማሪዎቹ መጋለቢያው ውስጥ ሲገቡ ግን ጣሪያ ባለው ሜዳ ዙሪያ የሚኖሩ ድመቶች አገኙ። ከዚያ የተያዙ ድመቶችና አይጦች ሲመረመሩ ተውሳኩ ተገኘባቸው። ድመቶቹ አፈሩ ላይ ይጸዳዳሉ፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ፈረሶቹ ሲጋልቡ በኮቴያቸው ያቦኑታል፣ ሰዎቹም አቧራውን ይስቡታል፣ ይውጡታልም። ከሰዎቹ አንዳቸውም ድመት ማቀፍ አላስፈለጋቸውም።

የእኛን በረትና ጎተራ ሳስብ ያ መጋለቢያ ይታየኛል። ድመት ጭድ ላይ መተኛት ትወዳለች፤ አፈሩ ሲላላላት እዚያው ትጸዳዳለች። በበጋ ጠዋት ደረቅ በረት የሚጠረግበትን ሰዓት ያየ ሰው፣ የፀሐይ ጨረር በሩ ላይ ገብቶ አቧራው እንደ ጭስ ሲንሳፈፍ ያስታውሳል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ጣል አድርጋ በአንድ እጇ ትጠርጋለች፣ ልጅ በጀርባዋ አለ። ቀላሉ መፍትሔ ከመጥረግ በፊት ውሃ ርጭት ማድረግ ነው፤ ያን ያህል ውሃ ከሌለ ደግሞ አፍና አፍንጫን አጥብቆ መሸፈን። የእንስሳቱን መኖ፣ በተለይ ዱቄትና ፉርሽካውን መክደን የበጎቹንም ጤና ይጠብቃል። በጓሮ አትክልት ቦታ ሲቆፈር ጓንት ይረዳል፤ ጓንት ከሌለ ከምግብ በፊት እጅን ጥፍር ሥር ድረስ በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

የበጉ ነገር ደግሞ ለገበሬ የኪስም የጤናም ጉዳይ ስለሆነ ቆም ብዬ ልናገርበት። አንዲት በግ በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ በተውሳኩ ከተያዘች፣ መጀመሪያ አካባቢ ከሆነ ጽንሱ እዚያው ቀልጦ ይቀራል፤ ባለቤቱም «መካን ሆናለች» ይላል። መካከለኛ ወራት ላይ ከሆነ ትጨነግፋለች፣ አንዳንዴም አንዱ ግልገል ደርቆና ጠቁሮ እንደ ቆዳ ሆኖ ይወጣል፣ መንትያው ግን ደካማ ሆኖ በሕይወት ይወለዳል። የእንግዴ ልጁን ላየው ሰው ምልክት አለው፦ በጤናማው ጊዜ ጥቁር ቀይ የሆኑት ክብ ጉብታዎች ላይ፣ ከጤፍ ቅንጣት እስከ ስንዴ ስባሪ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ይህ መልክ ቶክሶፕላዝማን ያስጠረጥራል፤ ማረጋገጫው ግን የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችን ያሳስበኛል። የእንግዴ ልጅ ሲወጣ በባዶ እጅ ይጎተትና ለውሻ ይጣላል፤ ድመቷም ታገኛለች። ይህ ዑደቱን ከሥሩ ማደስ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል ይሻላል። የጨነገፈች በግ ዙሪያ ነፍሰ ጡር ሴት መድረስ የለባትም፤ የተበከለ ልብስም ለእሷ ማጠቢያ መስጠት አይገባም። በብሪታንያ በጎች በሚወልዱበት ወቅት የጤና ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡሮች ከሚወልዱ በጎች እንዲርቁ በየዓመቱ ያሳስባሉ። ምክንያቱም ቶክሶፕላዝማ ብቻ አይደለም፤ ክላሚዲያ፣ ሊስቴሪያና ብሩሴላ የተባሉ ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም ኪው ትኩሳት የተባለ በሽታ በዚያው የእንግዴ ልጅ ሊመጡ ይችላሉ። አንድ ጥንድ ጓንት ለአምስቱም ይረዳል፤ ኪው ትኩሳት ግን በአየርም ስለሚተላለፍ ጓንት ብቻውን አይበቃም። በዚህ ተውሳክ ምክንያት አንድ ጊዜ የጨነገፈች በግ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ በእሱ አትጨነግፍም፤ ስለዚህ በርካሽ ለሥጋ መሸጧ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ለበግ የሚሆን ክትባት በኒው ዚላንድና በብሪታንያ ጥቅም ላይ አለ፤ ሕያው ተውሳክ ስለሆነ ግን ነፍሰ ጡር ልትነካው አይገባም። ለሰው የተሠራ ክትባት የለም።

ወደ ሥጋው ልመለስ። በ1965 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት በፓሪስ የሳንባ ነቀርሳ ሕፃናት ማገገሚያ ውስጥ የተደረገ ነው። ልጆቹ ለብ ለብ የተደረገ የከብት ወይም የፈረስ ሥጋ በየቀኑ ሲጨመርላቸው፣ በዓመት የሚያዙት ከ10 በመቶ ወደ 50 በመቶ ወጣ፤ ለብ ለብ የተደረገ የበግ ጎድን ሲጨመር ደግሞ ወደ 100 በመቶ ደረሰ። የዛሬ የሥነ ምግባር መመዘኛ እንዲህ ያለ ጥናት አይፈቅድም፤ ሆኖም ያሳየው ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመናል፦ የበግና የፍየል ሥጋ ከከብት ሥጋ የበለጠ ያሰጋል። የከብት ሰውነት ተውሳኩን በአንጻራዊነት ይቋቋማል። ይህ ማለት ቁርጥና ለብ ለብ ክትፎ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም፤ ስድስት የአውሮፓ ከተሞችን ያካተተና በ2000 የታተመ ጥናትም በነፍሰ ጡሮች ላይ ከተገኙ አዳዲስ ኢንፌክሽኖች ከ30 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑትን በቅጡ ካልበሰለ ወይም በጨው ከታሸ ሥጋ ጋር አያይዟል፤ ከ6 እስከ 17 በመቶውን ከአፈር ንክኪ ጋር። ድመት ማሳደግ በዚያ ጥናት እንደ አደጋ አልወጣም። ኮሶ ቢሆን በዓይን ይታያል፣ መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቀዋል። ቶክሶፕላዝማ ግን ሥጋውን ምንም አያስመስለውም፤ ቀለሙም ሽታውም አይለወጥም። በኢትዮጵያም ለእርድ ከመጡ በጎችና ፍየሎች ልብ ሕያው ተውሳክ ተገኝቷል።

በአገራችን ወጥ ቤት ያለው መልካም ዜና፣ ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ ሲሠሩ የሚፈሉበት ሰዓት ተውሳኩን ሙሉ በሙሉ ይገድለዋል፤ የሥጋው መካከል 67 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሥጋው ጸንቶ ለጥቂት ቀን መቆየቱም ይገድለዋል። ተራ ፍሪጅ ግን አይነካውም። ጥሬ የፍየል ወተትም ተውሳኩን እንዳስተላለፈ ስለሚታወቅ ማፍላት ነው። የሚያሰጋው ጥሬ ዱለት፣ ከጥሬው መቅመስ፣ አንድ ቢላዋና አንድ ሰሌዳ ለሥጋም ለሰላጣም መሆኑ ነው።

የሥጋ ቤትና የቄራ ሠራተኞች፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸው ሥጋ ውስጥ ያለው፣ ቁስል ካላቸው በጓንት መሸፈን አለባቸው፤ በሥራ መካከል በዚያው እጅ ሳይታጠቡ መብላትም መተው አለበት። የእንስሳት ሐኪሞች ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ይያዛሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ የተለያዩ አገራት ጥናቶች የሰጡት መልስ አንድ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ምንም ልዩነት አልታየም። እኔ ከሥራው እንደማየው፣ ልዩነቱ ከሙያው ስም ይልቅ በእጅ ልማድ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አስፈሪው ክፍል። ጤነኛ ሰው ቢያዝ አብዛኛው ምንም አይሰማውም፤ ጥቂቱ የአንገት ንፍፊት፣ ድካምና ለሳምንታት የሚቆይ የጉንፋን መሰል ስሜት ይይዘዋል፣ ያልፋልም። ጥቂት ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ በድንገት የደበዘዘ እይታና የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ወደ ዓይን ሐኪም ሊሄዱ ይገባል። ከዚያ ተውሳኩ ተኝቶ ይኖራል። ሁለት ሰዎች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ።

አንደኛዋ በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትያዝ ሴት ናት። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። ከማርገዟ በፊት የተያዘች ሴት ሰውነቷ ስለሚያውቀው፣ ልጇ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የያዛት ከሆነ ወደ ጽንስ የመሻገሩ ዕድል ዝቅ ያለ ሲሆን ከተሻገረ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው፦ የጽንስ መጨንገፍ፣ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መቋጠር፣ የዓይን ጉዳት። በመጨረሻዎቹ ወራት መሻገሩ ይበዛል፣ ጉዳቱ ግን ይቀንሳል፤ ሕፃኑ ደኅና መስሎ ተወልዶ ዓይኑ ከዓመታት በኋላ ሊታመም ይችላል። ቶሎ ከታወቀ መድኃኒት አለው፤ ፈረንሳይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችን የምትመረምረው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ በ2015 የታተመ አጠቃላይ ትንተና ከተመረመሩ ሰዎች ከ4ቱ 3ቱ ገደማ ተውሳኩን አስቀድመው እንዳገኙ ያሳያል። በጅማ በ2012 የታተመ የነፍሰ ጡሮች ጥናት ደግሞ ከ10 ሴቶች 8ቱ መያዛቸውን አሳይቷል። በአዲስ አበባ ከተመረመሩ 36 የጎዳና ድመቶች 33ቱ ተውሳኩን አግኝተውት ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን አብዛኛዋ እናት ከማርገዟ በፊት ተይዛ አልፋለች ማለት ነው። ጥንቃቄው በተለይ ለቀሪዎቹ ሁለቱ ነው፤ ማን እንደሆኑ ደግሞ ካልተመረመሩ አይታወቅም።

ምርመራው የደም ምርመራ ሲሆን፣ ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚሠራቸውን አይጂጂና አይጂኤም የሚባሉ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት ይፈልጋል። አይጂጂ ብቻ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የቆየ ኢንፌክሽን ነው። አይጂኤም ከተገኘ ብዙዎች ይሸበራሉ፤ ነገር ግን ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ብቻውን አዲስ ኢንፌክሽን ነው አያሰኝም። ሐኪም ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ምርመራውን በድጋሚ አሠርቶ ልኬቱ መጨመር አለመጨመሩን ያያል። በአንድ ወረቀት ተደናግጦ ውሳኔ መወሰን አይገባም።

ሁለተኛው የበሽታ መከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለና የሲዲ4 (የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት) ቁጥሩ ከ100 በታች የወረደ ሰው፣ በሰውነቱ የተኛው ተውሳክ አንጎል ውስጥ ሊነቃበት ይችላል፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን ድክመት፣ የሚጥል በሽታ። ይህ አፋጣኝ ሕክምና ይሻል። በየክሊኒኩ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ክኒን ከሚከላከላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ማቋረጥ አደጋ አለው።

ድመቷስ? ቤት ውስጥ ይዞ መቆየት ይቻላል። የበሰለ ምግብ ወይም የተዘጋጀ የድመት መኖ የምትበላ፣ ከአደን የታቀበች ድመት የመያዝ ዕድሏ አነስተኛ ነው። የጎተራ ድመት ማደኗ የማይቀር ስለሆነ ደግሞ የምትጸዳዳበትን ቦታ ከአትክልትና ከመኖ ማራቅ ይሻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን የድመት መጸዳጃ ሣጥን ካላቸው፣ በየቀኑ ይጽዳ፤ እንቁላሉ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ ሳምንት ማስቀመጥ ነው የሚያሰጋው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሥራውን ሌላ ሰው ይያዘው። በአረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የአሠሪዎቿን የድመት ሣጥን የምታጸዳ እህታችንም ካረገዘች ይህን ሥራ ለሌላ እንዲሰጡላት ልትጠይቅ ይገባታል፤ ካልሆነላት ጓንት አድርጋ በየዕለቱ ታጽዳ፣ ሣጥኑንም በፈላ ውሃ ታጥበው።

ጎረቤቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ጤና ተቋም ሄደች። «በግ እናረባለን፣ ጎተራ አለን፣ ጥሬ ሥጋ እቀምሳለሁ» ብላ ራሷ ተናገረች፤ ሐኪሙም ደሟን አስመርምሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደገመው። አይጂጂ ብቻ ነበር፣ ልኬቱም አልጨመረም፤ ሐኪሙ ከብዙ ጊዜ በፊት የያዛት ነው አላት። ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጅቱ ደኅና ናት። ድመቷን በገበያው ዙሪያ ሁለት ቅዳሜ ፈልገዋት አላገኟትም። ጎተራውን አሁን አይጥ ይዞታል።